ፎቶውን አታሳምሩት፤ መልሱት!



ከዒድ በኋላ እዚህ ደብረ ማርቆስ አንዲት እናት በብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጡ የስላይድ ፊልሞች አመጡልኝ። ሟች ባለቤታቸው ጅዳ ሠርተው ሲመለሱ ያመጧቸው ናቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ ባያቸው ሰዉም ግድግዳውም በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። አንዱን በስልኬ አነሣሁና በፎቶ ማሳመሪያ አፕ አሳለፍኩት። ቀዩ ጠፋ፣ ቆዳው ጠራ፣ ጥርሱ ነጣ። ደስ ብሎኝ ባሳያቸው ትኩር ብለው አይተው «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉኝ። አፑ የባላቸውን የግንባር ጠባሳ አጥፍቶታል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ደግነቱ ፊልሙ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀለም ፊልም ምስል የሚሠራው ከሦስት ቀለሞች ነው፤ እነሱም እኩል አይደበዝዙም። በብዙ የድሮ ፊልሞች ላይ፣ ሳጥን ውስጥ ተዘግተው እንኳ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ቀለም ቀድሞ ይጠፋል፤ ቀዩ ጎልቶ ይቀራል። ኮዳክሮም የሚባለው ፊልም ግን ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ቀለሙን ለረጅም ዘመን ይይዛል። ስለዚህ ማረም ማለት የጎደለውን መመለስ ነው። ፎቶው ውስጥ ነጭ እንደነበር የምታውቁትን ነገር ፈልጉ፤ ጀለቢያ ወይም ኮፍያ ሊሆን ይችላል። እሱ ነጭ እስኪሆን ሦስቱን ቀለሞች አመጣጥኑ። ከዚያ እጃችሁን አንሡ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ተራ ስካነር ለወረቀት እንጂ ለስላይድ አይሆንም፤ ብርሃን በፊልሙ ውስጥ የሚያሳልፍ ያስፈልጋል። አቧራውን በጨርቅ አትጥረጉ፣ በእጅ በሚጨመቅ መንፊያ አስወግዱ። 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነችው ስላይድ በ4000 ዲፒአይ ስትነበብ ወደ 21 ሚሊዮን ፒክስል ትሰጣለች። የመጀመሪያውን ፋይል በቲፍ አስቀምጡና አትንኩት፤ እርማቱ በቅጂው ላይ ይሁን። ፊልሙንም አትጣሉ።

«ቢያምር ምን ክፋት አለው?» የሚል ይኖራል። ፎቶ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ያየውን ብቻ ነው የሚናገረው። የአባቶቻችን ታሪክ በብዛት ያልተጻፈ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ ከ70 አልፏል። ነገ አንድ ፎቶ ተቀይሮ ቢገኝ እውነተኞቹም ይጠረጠራሉ። ይህ አማና ነው።

ሥራው ከአቅማችን በላይ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚባሉ ወጣቶች የየቤተሰቡን አልበም እየሰበሰቡ በ2018 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርገውታል። ደብረ ማርቆስም፣ ደጀንም፣ ቢቸናም ሳጥን ያለው ቤት አይጠፋም።

እኔም ስላይዱን እንደገና በወጉ ስካን አስደረግሁት። እናታችን ጠባሳውን ሲያዩ አለቀሱ፤ ከጎናቸው የቆሙትን ሁለት ሰዎችም በስም ነገሩኝ። አንደኛውን ከሳቸው በቀር የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም።

ዛሬውኑ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ስሙንም ጻፉ። ስካነሩ ቀለም እንጂ ስም አያነብም።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።