የመረጃ ጠባቂነትን ሞያ ለሚመኝ ልጅ፤ ስለ መጀመሪያው ጉባኤ

በዚህ ዘመን በብዙ ቤት አንድ ልጅ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ሲያነጋ ይታያል። ወደ ፊት ምን ልትሆን ታስባለህ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜም የመረጃ ደኅንነት ጠባቂ እሆናለሁ ብሎ ይመልሳል። ወላጆቹ ሞያውን የማያውቁት ስለ ሆነ፥ አንዳንዶቹ የሌባ ጥበብ መስሏቸው ይከለክሉታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ገንዘብ የሚያስገኝ መሆኑን ብቻ ሰምተው ያለ ምክር ይለቁታል። ሁለቱም ለልጁ አይበጁትም። የሚበጀውስ ሞያውን በዓይኑ አይቶ፥ ሠራተኞቹን ጠይቆ እንዲመርጥ ነው። ለዚህም የሞያው ሰዎች የሚሰበሰቡበት ጉባኤ መልካም ስፍራ ነው።

ከነዚህ ጉባኤዎች እጅግ ስመ ጥር የሆነው በአሜሪካ በላስ ቬጋስ ከተማ በየዓመቱ፥ በእኛ የክረምት ወራት የሚደረገው ዴፍ ኮን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. ጄፍ ሞስ የተባለ ወጣት ሲጀምረው የመጡት መቶ ያህል ሰዎች ነበሩ፤ በቅርብ ዓመታት ግን ከ20 ሺህ በላይ ሆነዋል። ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ በበሩ የከፈለ ሰው ስሙን ሳይጠየቅ ይገባል። ከንግግሮቹ ሌላ «መንደር» የሚባሉ ክፍሎች አሉ፤ በአንዱ ቍልፍን ያለ መክፈቻው መክፈት፥ በሌላው የአውቶሞቢልን ኮምፒዩተር መመርመር ይማሩበታል። ጥንቃቄ የጐደለው እንግዳ የይለፍ ቃሉን በምስጢር ጽሕፈት ሳይሸፍን በጉባኤው መስመር የላከ እንደ ሆነ፥ መጠሪያው ከይለፍ ቃሉ ከፊል ጋራ «የበጎች ግድግዳ» በሚሉት ሰሌዳ ላይ ይወጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ልጅ ንግግሩን ሁሉ እሰማለሁ ብሎ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ አይሩጥ። ብዙዎቹ ንግግሮች ኋላ በኢንተርኔት በነጻ ስለሚወጡ ቤቱ ተቀምጦ ይሰማቸዋል፤ ቤቱ ሆኖ የማያገኘው ሰውን ነው። ስለዚህ በመንደሮቹ ተቀምጦ እጁን ይሞክር፤ በሞያው የሚተዳደሩትንም የዕለት ሥራችሁ ምንድር ነው? ሌሊት ትጠራላችሁ ወይ? የሚያሰለቻችሁስ ምንድር ነው? ብሎ ይጠይቅ። ያን ጊዜ የሥራው ብዙው ክፍል ሰብሮ መግባት ሳይሆን መዝገብ ማንበብ፥ ስሕተት ማረምና የተገኘውን በጥንቃቄ ጽፎ ለአለቃ ማስረዳት መሆኑን ይረዳል። ይህን ሰምቶ ፍቅሩ ያልቀዘቀዘ ልጅ ለሞያው የተገባ ነው። ሥጋውንም አይርሳ፤ የጉባኤው የቈዩ ሰዎች በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት መተኛት፥ 2 ጊዜ መብላትና 1 ጊዜ መታጠብ ያስፈልጋል እያሉ አዲሶቹን ይመክራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፈቃድን ማክበር ነው። ቍልፍ መክፈትን የሚማሩት ሰዎች የራስህ ያልሆነውን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትንካ የሚል ደንብ አላቸው። ጠባቂንና ሌባን የሚለያቸው ዕውቀት አይደለምና፤ ዕውቀታቸው አንድ ነው።

ለዚህ የማርከስ ሃቺንስ ታሪክ ምስክር ነው። በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዋናክራይ የተባለ ተንኰለኛ ፕሮግራም በብዙ አገሮች ኮምፒዩተሮችን እየቈለፈ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሥራ ባወከ ጊዜ፥ ይህ የ22 ዓመት እንግሊዛዊ በፕሮግራሙ ውስጥ ያገኘውን አንድ የኢንተርኔት አድራሻ አስመዝግቦ መዛመቱን ገታው። ዓለም አመሰገነው። ሦስት ወር ያህል ቈይቶ ግን፥ ለጉባኤው ሰሞን ወደ ላስ ቬጋስ ሄዶ ወደ አገሩ ሲመለስ ከአውሮፕላን ጣቢያው ተያዘ። ምክንያቱም ቀድሞ በልጅነቱ ከባንክ ደንበኞች ምስጢር የሚሰርቅ ፕሮግራም በመሥራት ተካፍሎ ነበር። በ2019 ዓ.ም. ጥፋቱን አመነ፤ ዳኛውም ኋላ የሠራውን በጎ ሥራ ተመልክተው፥ ከታሰረበት ቀን በላይ እስራት ሳይጨምሩ የአንድ ዓመት ክትትል ብቻ ፈረዱበት። ምሕረቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ያህል በፍርድ ጥላ ሥር ከቤቱ ርቆ ኖረ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን ከጉባኤው አትከልክሉት። ከመሄዱ በፊት ይህን ታሪክ ንገሩት፤ በተመለሰም ጊዜ ምን መክፈት ተማርህ ብቻ ሳይሆን፥ በማን ፈቃድ ትከፍተዋለህ ብላችሁ ጠይቁት። ሞያውንም በዚያው ሰሞን ግለት እንዲቈርጥ አታስቸኵሉት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።