ከመድረኩ በፊት ሚዛኑ

ኢተርየም ይሻላል፣ ካርዳኖ ወይስ ሶላና? ቡናችንን በብሎክቼይን እንከታተል፣ ቶከንም እናውጣለት የሚሉ ወገኖች ክርክራቸውን ከዚህ ይጀምራሉ። አንዱ የኢተርየምን የአልሚዎች ብዛት፣ ሌላው የሶላናን ፍጥነትና ርካሽ ክፍያ፣ ሦስተኛው የካርዳኖን የምርምር መሠረት ያነሣል። የይርጋጨፌን ቡና ለሚያመርተው የጌዴኦ ገበሬ ግን የብሎክቼይን መድረክ መምረጥ የመጨረሻው ጥያቄ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

በ2010 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከካርዳኖ ገንቢ ኩባንያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረም የቡና ክትትል ከታሰቡት ሥራዎች አንዱ ነበር። ካርዳኖ ስማርት ኮንትራት (በራሱ የሚፈጸም ውል) ማስኬድ የጀመረው ግን መስከረም 2014 ዓ.ም. ነው። ዛሬ መድረኮችን የምናወዳድርበት አቅም ስምምነቱ ሲፈረም ገና አልነበረውም። መድረክ ማስቀደም የሚያመጣው ይህንኑ ነው።

የይርጋጨፌ ቡና መዝገብ የሚወለደው ማጠቢያ ጣቢያ፣ ሚዛኑ ላይ ነው። በእንሰትና በጥላ ዛፎች መካከል ካሉ ትናንሽ ማሳዎች የተለቀመው እሸት ቡና እዚያ ተመዝኖ ከሌሎች ገበሬዎች ቡና ጋር ይቀላቀላል፤ ከተፈለፈለ በኋላ የማን እንደሆነ የሚለይ የለም። መዝጋቢው 20 ኪሎውን 18 ብሎ ቢጽፍ ብሎክቼይን 18ቱን እንዳይፋቅ አድርጎ ይጠብቃል። ከሌላ ወረዳ የመጣ ቡና የይርጋጨፌ ተብሎ ቢመዘገብም እንዲሁ ነው። የማይፋቅ ውሸት እውነት አይሆንም።

የቡናው ዱካ የጠፋውም በቴክኖሎጂ እጦት ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ቡናን በአካባቢና በደረጃ እያደባለቀ ሲያገበያይ የአምራቹ ማንነት ጠፋ፤ የ2009 ዓ.ም. የግብይት ማሻሻያ ደግሞ ለዱካው በር ከፈተ። ያጠፋውም የከፈተውም ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብም የሚጠይቀው የማሳውን መገኛ እንጂ ብሎክቼይን አይደለም።

ቶከኑስ? ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መክፈል ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ገበሬው በዲላ ገበያ የማይገበይበትን ነገር በእጁ አስይዞ የዋጋ መዋዠቁን ማሸከም ፍትሕ አይደለም።

ብሎክቼይን ጥቅም የለውም አልልም። የማይተማመኑ ወገኖች በጋራ የሚጽፉት፣ አንዱ ብቻውን የማይለውጠው መዝገብ ለገበሬዎች ዩኒየን፣ ለላኪውና ለውጭው ገዢ ይበጃል። የሚበጀው ግን የመጀመሪያው ጽሑፍ ሲታመን ነው።

ስለዚህ የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲና የጌዴኦ ዞን አስተዳደር በቅድሚያ ሚዛኖቹን ያስፈትሹ፤ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ደረሰኝ ይድረሰው፤ የማሳው መረጃም የራሱ ይሁን። መድረክ መምረጥ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። ገበሬው አይቶ «ልክ ነው» ያላለውን መዝገብ ማንም በምንም ሰንሰለት ላይ አያስፍርበት።