ማኅበራችሁ ለምን ቆመ?

በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ እህቶች ተሰባስበው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያቋቁሙ አስቀድሞ የሚነሣው የዕጣ ገንዘቡ ጉዳይ ነው። ዳሩ ግን ማኅበሩ ለምን እንደቆመ ካልተወሰነ ገንዘቡም አይበረክትም።

ለዚህ ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ምስክር ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በፋግታ ለኮማ ወረዳ በአሲድ በተጎዳ መሬት ላይ ተተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አድጎ፣ በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ከሰል ይሆናል። አፈሩም ያገግማል። ብዙ ቤተሰብ ልጅ አስተምሮበታል፤ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶበታል። ይሁንና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዋግ በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ አደረቀ። ተስፋውን ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ የጣለ ቤተሰብ ተቸገረ።

ስለዚህ እህቶች፣ የመተዳደሪያ ደንባችሁን ስታወጡ ሦስት ነገሮችን አስፍሩ።

አንደኛ፣ ዓላማ። «ከሰል ለመሸጥ» ብላችሁ አትወሰኑ፤ «የአባላትን ኑሮ ለማሻሻል» በሉ። ከሰሉ ቢቀር በቀርከሃ፣ በማር ወይም በድንች ሥራው ይቀጥላል።

ሁለተኛ፣ ሥነ ምግባር። ሚዛን አይጓደል፤ ሒሳቡ ለአባላት ሁሉ ይነበብ፤ በሚስት ድርሻ ባል አይወስን።

ሦስተኛ፣ የመሬቱ ድርሻ። በተቆረጠው ልክ ይተከል፤ የዛፉ ዓይነት ይቀላቀል፤ ከትርፉም ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

በ2009 ዓ.ም. በወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 መሠረት ደንቡን የሚያጸድቀው የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። እንግዲያው በመጪው ጉባኤ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ፤ «ዘንድሮ ስንት ቆረጥን? ስንትስ ተከልን?»