ያልታረሰ ሁሉ ባዶ ነውን?

መሬትን የምንሰድብባቸው ቃላት ሞልተውናል። ጠፍ እንላለን፤ ባዶ እንላለን፤ ዳዋ የዋጠው እንላለን። ሦስቱም ሲጠቀለሉ ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ማረሻ ያልነካው ማለት ነው። በሬ ያልተጠመደበት መሬት ታሪክ የለውም፣ ባለቤት የለውም፣ ሥራም የለውም ብለን ከተስማማን ቆየን። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ስምምነት ከገበሬው ይልቅ ተማረ በሚባለው ዘንድ የጸና መሆኑ ነው። ገበሬውማ ጨፌውን ከመስኩ፣ መስኩን ከግጦሹ ለይቶ ያውቃል። ሣር ያለበትን ሁሉ በአንድ ቀለም ቀብቶ «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» ብሎ የሚጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ካርታ የዘረጋው ሰው ነው።

በጋዜጠኝነት ትምህርት መጀመሪያ የሚነገረን ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ብለን እንድንጠይቅ ነው። «ባዶ መሬት» የሚለው ቃል ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አይመልስም። ጭራሽ ጥያቄውን ይዘጋዋል። ባዶ ከሆነ ማን አለበት ተብሎ አይጠየቅም፤ ምን በቅሎበታል ተብሎም አይመረመርም።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚህ ቃል ጋር ነው። ሣር ያለበት መሬት ባዶ አይደለም። ባዶ ነው ባልነው ማግስት ግን እውነትም ባዶ እናደርገዋለን። ለዚህ የምጠራው ምስክር አንድ ሣር ነው፤ የመንዙ ጓሳ።

የሣሩ ጠባይ

ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ቦታው በሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለ ውርጫምና ጉማም ደጋ ነው። ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህላል። ከዚያ የሚነሣው ውኃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሣሩን የዕፅዋት ሊቃውንት ፌስቱካ ማክሮፊላ ይሉታል፤ «ማክሮፊላ» ባለ ትልቅ ቅጠል ማለት ነው። ስሙ የገባው ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአገራችን ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላም «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት» የተሰኘው ታላቅ መዝገብ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣውን 7ኛ ቅጹን ሙሉ በሙሉ ለሣር ወገን ሰጥቶታል። ልብ ይባል! እኛ «ሣር» ብለን በአንድ ቃል የምናልፈው ነገር አንድ ሙሉ ቅጽ ወስዷል።

እስቲ ጓሳን ጠጋ ብለን እንየው። ጓሳ እንደ ሰርዶ መሬት ለመሬት አይሳብም። አዲሱ ቡቃያ አሮጌው ቅጠል በሠራው ሽፋን ውስጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ሌላው ቡቃያ ከእሱ ጎን፣ ሌላውም ከዚያ ጎን እንዲሁ ይበቅላል። ስለዚህ ሣሩ ዓመት በዓመት እየወፈረ፣ ታጭዶ እንደ ታሰረ ነዶ ችፍግ ብሎ ይቆማል። አንዱ ነዶ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። አንድ ክረምት ዘንቦ የሚያበቅለው አይደለም።

ሁለተኛው ጠባዩ የሣር ወገን ሁሉ ጠባይ ነው። ሣር የሚያድገው ከሥሩ ነው። የቅጠሉ ማደጊያ ከታች፣ ከአፈሩ አጠገብ ስላለ ጫፉ ቢታጨድም ቢጋጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። በሬ የጋጠው መስክ መልሶ የሚለመልመው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ ችሎታ ወሰን አለው። በብርድ አገር ዕድገት ዝግ ያለ ነው፤ ሣሩ ከሥሩ የሚነሣበት ጉልበት ሳያጠራቅም ደግመው ደጋግመው ቢያጭዱት ይደክማል። ነዶው ይሳሳል፤ በመካከሉ አፈሩ ይታያል፤ ቦታውንም ከብት የማይፈልገው ቁጥቋጦ ይወርሰዋል።

ሦስተኛው ጠባዩ ከሁሉ ይደንቃል። በእኛ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ፀሐይ ቀን ያቃጥላል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሌላው አገር በዓመት አንዴ የሚያየውን የሙቀትና የብርድ ፍርርቅ እዚያ ያለው ተክል በየቀኑ ያየዋል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኦሎቭ ሄድበርግ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ይህን ኑሮ የሚችሉትን ተክሎች በአምስት ቅርጽ ከፍሏቸዋል። አንደኛው እንደ ጅብራ ያለው ግዙፍ ተክል ነው፤ ሌላው እንደ ጓሳ በነዶ የሚቆመው ሣር ነው። ጓሳ የሞተ ቅጠሉን አይጥልም። ደረቁ ቅጠል በእግሩ ዙሪያ ተደራርቦ ይቆይና ለጋውን ቡቃያ ከውርጭ ይከልልለታል። እንግዲህ ያ ከመኪና መስኮት አይተን «የደረቀ ሣር» የምንለው የጓሳ ብርድ ልብሱ ነው! ያን «ለማጽዳት» እሳት የሚለቅበት ሰው በውርጭ ሌሊት ሕፃን እያራቆተ ነው።

ይህን የማናውቀው ስለማንመለከት ነው። በየዓውደ ዓመቱ ወለሉ ላይ ቄጠማ እንጎዘጉዛለን፤ ብንጠየቅ ሣር ነው ብለን እንመልሳለን። በአብዛኛው ግን ሣር አይደለም፤ የሌላ ቤተሰብ ተክል ነው። ዘንጉን በጣታችሁ መካከል አንከባልሉት፤ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይቆረቁራችኋል፤ አንጓም አታገኙበትም። የሣር ዘንግ ግን ክብ ነው፣ አንጓም አለው። በተቃራኒው ደግሞ ሣር ያላልናቸው ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ ሣር ናቸው። እንጀራችን የሣር ፍሬ ነው። እንዲያውም በዝምድና ከተሄደ ለገብስ ከጤፍ ይልቅ ጓሳ ይቀርበዋል። የመንዝ ገበሬ ከታች ገብሱን ሲያጭድ፣ ከላይ ጓሳውን ሲያጭድ፣ የአንድ ወገን ልጆችን ነው የሚያጭደው። አንዱን «ሰብል» ሌላውን «ባዶ መሬት» ያሰኘው ማረሻው ብቻ ነው።

ሣሩ የጻፈው ሕግ

የመንዝ አባቶች ሄድበርግን አላነበቡም። ነገር ግን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ነበረ የሚነገርለት ቄሮ የተባለ ሥርዓት ነበራቸው (ስሙ በቅርብ ዓመታት በፖለቲካው መድረክ ከሰማነው ጋር አይምታታ)። ጓሳ በሁለት ቀደምት አባቶች፣ በአስቦና በጌራ ስም ተከፍሎ ነበር። ትውልዱ ወደ እነርሱ የሚቆጠር ሰው በዐጽመ ርስት መብቱ ከሣሩ ይካፈላል። ባለመብቶቹ በመረጡት አለቃ ትእዛዝ ጓሳ ለ3፣ ለ4፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጋል። በዚያ ዘመን ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ ቀኑ ይነገራል፤ ጓሳ ይከፈታል፤ ባለመብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከታጨደ በኋላ ከብቱ ይገባል፤ ከዚያም ተመልሶ ይዘጋል።

አሁን ይህን ሥርዓት ከላይ ካየነው የሣሩ ጠባይ ጋር አስተያዩት። ለምን 3 ወይም 5 ዓመት? ጓሳ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ነው። ረጅምና ጠንካራ ቅጠል የሚሰጠው፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው፣ ጊዜ ሲያገኝ ነው። ለምን ሁሉም በአንድ ጊዜ? ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው እየገባ ሲያጭድ ነዶው የሚያርፍበት ጊዜ ስለማያገኝ ነው። ሕጉን ያወጀው ሰው ነው፤ አንቀጾቹን የጻፈው ግን ሣሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዕፅዋት ሳይንስ በቤተ ሙከራ ብቻ ይገኛል ብሎ ለሚያስብ ሰው ቄሮ ጥሩ መልስ ነው።

አራሽ የሌለው መሬት

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ለጭሰኛው ነጻነት ያመጣ አዋጅ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ታሪክን ይክዳል። ተማሪው ለዓመታት «መሬት ለአራሹ» ብሎ የጮኸው፣ የታሰረውና የሞተው በከንቱ አልነበረም። ግን መፈክሩን ደግመን እናንብበው። መሬት ለማን? ለአራሹ። ጓሳን ማን ያርሰዋል? ማንም። እንግዲያ ጓሳ የማን ነው?

በመፈክሩ ውስጥ ለጓሳ ቦታ አልነበረውም። ርስት ሲሻር ዐጽመ ርስቱ አብሮ ተሻረ፤ ዐጽመ ርስቱ ሲሻር ቄሮ የቆመበት መሠረት ተናደ፤ በቦታው ግን ሣሩን የሚያውቅ ሌላ ሕግ አልተተካም። ለዘመናት ሲዘጋና ሲከፈት የኖረው ደጋ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የሁሉም ተባለ፤ የሁሉም የተባለው ነገር ደግሞ ጠባቂ ሲያጣ የማንም እንደሚሆን የታወቀ ነው። ማጭዱም ከብቱም ሳይጠራ ገባ።

«ቄሮ የባላባት ሥርዓት ነው፤ ከአስቦና ከጌራ ያልተወለደውን፣ መጤውን፣ ባለእጁን ያገለለ ነው» የሚል መከራከሪያ ይነሣል። እውነት ነው። ማንም ሰው በትውልዱ ምክንያት ከሣር እንኳ መከልከሉ ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ተቀላቅለውብናል። ማን ያጭዳል የሚለው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ መቼ ይታጨዳል የሚለው የሣሩ ጥያቄ ነው። የፊተኛውን ማረም ተገቢ ነበር፤ የኋለኛውን መሻር ግን ለማንም ሥልጣን አልተሰጠም። ገዥ ስለተለወጠ ጓሳ ፈጥኖ አይበቅልም። የአካባቢው ሕዝብም ይህን ስላወቀ ኋላ ባለእጁንና መጤውን ጭምር በቀበሌዎቹ በኩል አሰባስቦ፣ ኮሚቴ መርጦ፣ መዝጋትና መክፈቱን መለሰው። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቦታው በአማራ ክልል መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በሕግ ታወቀ። ይህ ሊደነቅ ይገባዋል። መጀመሪያውኑ መፍረስ ያልነበረበትን መልሶ ለማቆም ከ30 ዓመት በላይ መፍጀቱ ግን ሊያሳፍረን ይገባል።

«ዘመኑ የቆርቆሮ ነው፤ የሣር ክዳን ማን ይፈልጋል?» ለሚለውም መልስ አለ። የጓሳ ሥራ ጣራ መሆን ብቻ አይደለም። ዝናቡን በነዶው ይቀበላል፤ አፈሩን በሥሩ ይይዛል፤ ውኃውን ቀስ አድርጎ ወደ ምንጩ ይለቃል። የታች አገር ሰው በበጋ የሚጠጣው የላይኛው ሣር የቆጠበለትን ነው። ጭላዳ ሣሩን ይበላል። አይጥና ፍልፈል በሣሩ ውስጥ ይኖራሉ፤ ቀይ ቀበሮ እነርሱን አድኖ ያድራል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው፣ ቁጥሩም 500 ገደማ ብቻ የሆነው ቀይ ቀበሮ ፎቶግራፉ በየመጽሔቱ ይወጣል። እሱ የቆመበትን ሣር ስም የሚጠይቅ ግን የለም። ቀበሮውን እንጠብቅ እያልን ሣሩን ባዶ ነው ካልን፣ እንግዳ ጋብዘን ማዕዱን ማንሣት ነው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ከተነገረን ወዲህ፣ አረንጓዴ ማለት ዛፍ ብቻ የሆነ መስሎናል። ዛፍ አትትከሉ የሚል ጤነኛ የለም፤ የተመነጠረው ደን ይመለስ፣ የተራቆተው ገደል ይልበስ። ነገር ግን ዛፍ የሌለበት ሁሉ የተራቆተ ነው የሚለው ሐሳብ «ያልታረሰ ሁሉ ባዶ ነው» የሚለው የድሮው ስሕተት ልጅ ነው። ማረሻው በችግኝ ተተካ እንጂ ዓይኑ ያው ነው። ለሺህ ዘመናት ሣር ሆኖ የኖረን ደጋ በባሕር ዛፍ መሸፈን ልማት አይባልም። አንዱን የበቀለ ነገር ነቅሎ ሌላውን መትከል ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ግን የሚቆጠረው የተተከለው ብቻ ነው።

ስለ ራሳችን፣ ስለ ጸሐፍቱም አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። በድርሰቶቻችን ውስጥ ሣር ምንድን ነው? የተናቀ፣ የሚረገጥ፣ ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳ ነገር ነው። ስም የሌለውን ሰው ሁሉ «ሣር ቅጠሉ» ብለን እንጠቀልለዋለን። የአንድ ሣር ስም ጠርቶ፣ አንጓውን ቆጥሮ የጻፈ ስንት አለን? ቋንቋውን የያዝነው እኛ ነን፤ «ባዶ» የሚለውን ቃል ለቢሮው ያዋስነውም እኛው ነን። ስለዚህ ቃሉን መመለስ ከእኛ ይጀምር። ካርታ የሚሠራው ክፍል «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ከማለቱ በፊት የቦታውን ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የጤፍን ያህል የጓሳንም ጠባይ ይማሩ፤ እኛም ሣሩን በስሙ እንጥራው።

ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ በቀረው በሬ ስንስቅ ኖረናል። በሬው ቢያንስ ሣሩን አይቷል።