ሥራና ሥራ መሳይ

«ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ይላል ተረታችን። እናቲቱ እጇ ባዶውን ከሚውል የልጇ ትዳር ቢፈርስ መረጠች። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ለሣቅ ብቻ አይመስለኝም። ሰው እውነተኛ ሥራ ሲያጣ ሥራ መሳይ ነገር እንደሚፈጥር፣ የፈጠረውም ነገር ከሥራ ፈትነት የባሰ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል አስተውለው ነው።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሁለት ሦስት ዓመት የተቀመጣችሁ ይህችን እናት ሳታውቋት አትቀሩም። ባለፈው ሩብ ዓመት የተሞላው ሰንጠረዥ ቀኑ ብቻ ተለውጦ በዚህም ሩብ ዓመት ይሞላል። ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ይልካል። በመቱና በአካባቢዋ ከተሞች በኦሮምኛ «ገባሳ» ይሉታል፤ በአማርኛ ሪፖርት የምንለው ነው። ስሙ ይለያይ እንጂ ጠባዩ በየአገሩ አንድ ነው፤ ማን እንዳዘዘው ይታወቃል፣ ማን እንዳነበበው ግን ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ዓመታት በትምህርት ደክሞ፣ ቤተ ሰቡ ቡና ሸጦ ያስተማረው ወጣት «እኔ የተማርሁት ለዚህ ነው ወይ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ጥያቄው የኢሉባቡር ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ሲረል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ባወጣው ጽሑፍ የአገሩን የባሕር ኃይል መዝገብ አገላብጦ ነበር። በ1914 ታላላቆቹ የጦር መርከቦች 62፣ በባሕር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት የነበሩት ሹማምንት ደግሞ 2,000 ነበሩ። በ1928 መርከቦቹ ወደ 20 ሲወርዱ ሹማምንቱ 3,569 ሆኑ። መርከቡ ሲያንስ ወረቀቱ በዛ ማለት ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳም፣ ሹም የበታቾቹን ማብዛት ይወዳል፤ የበዙትም አንዱ ለሌላው ሥራ ይፈጥራሉ አለ።

በእኛ ዘመን ደግሞ አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ዴቪድ ግሬበር በ2013፣ ብዙ ሰው ከንቱነቱን ራሱ በሚያውቀው ሥራ ዕድሜውን ይፈጃል ሲል ጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር ሠራተኞች ሲጠየቁ ከ100 ሰዎች 37ቱ «ሥራችን ለዓለም ትርጉም ያለው ነገር አያበረክትም» ብለው መለሱ።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። በ2021 የካምብሪጅና የበርሚንግሃም ተመራማሪዎች የአውሮፓን ሠራተኞች ሰፊ መጠይቅ መርምረው፣ ሥራዬ ጥቅም የለውም የሚለው ሰው ከ100 ወደ 5 ገደማ ብቻ መሆኑን አገኙ። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ሌላው ግኝታቸው ነው። ሠራተኛን «ሥራዬ ከንቱ ነው» ከሚያሰኙት ነገሮች ዋናው የአለቆች አያያዝ ሆኖ ተገኘ። ሐሳቡ የማይሰማ፣ አክብሮት ያጣ ሠራተኛ ጠቃሚ ሥራ በእጁ ይዞም ከንቱነት ይሰማዋል።

ይህን ነገር በቡና እንመልከተው፤ ኢሉባቡር የቡና አገር ነውና። ቡና ተለቅሞ በማድረቂያ አልጋ ላይ ከሰነበተ በኋላ እርጥበቱ በመሣሪያ ይለካል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ ካለፈ ቡናው በመጋዘን ውስጥ ይሻግታል። አንድ ጸሐፊ ቁጥሩን በቅጽ ላይ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል። እንግዲህ ይህን ቅጽ ከዚያ ከሩብ ዓመቱ ሰንጠረዥ ጎን አስቀምጡት። ሁለቱም ወረቀት ናቸው፤ ሁለቱም መስመርና ፊርማ አላቸው። ይሁን እንጂ በአንደኛው ላይ ቁጥር በግድየለሽነት ቢጻፍ የአንድ ገበሬ የዓመት ድካም ያለ ዋጋው ይሸጣል፣ ወይም የተበላሸ ቡና ከደኅናው ጋር ተደባልቆ ሁሉንም ያበላሻል። ያ ወረቀት በወዲያኛው ጫፍ የሚጠብቀው ሰው አለ። የሥራ ትርጉም የሚገኘውም እዚያ ጫፍ ላይ ነው፤ በወንበሩ ከፍታና በማዕረጉ ስም ሳይሆን።

የቡናው ጸሐፊ ግን 12 የሚለው ቁጥር ለምን እንደ ተመረጠ ማንም ካልነገረው፣ እርሱም እንደ ሌላው በደመ ነፍስ እየሞላ ይውላል። ስለዚህ አለቆች የምትሆኑ ወይም ነገ አለቃ የምትሆኑ ሁሉ ይህን አስቡ፤ ለበታቻችሁ ቅጽ ስትሰጡት ለማን እንደሚደርስ አብራችሁ ብትነግሩት ግማሹን ደመወዝ የሰጣችሁት ያህል ነው።

ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጎሬ ስለዚህ ነገር የምታስተምረን አላት። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫነት በደርግ ዘመን ወደ መቱ ሳይዛወር፣ አስተዳደሩ የሚካሄደው በጎሬ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ አዲስ አበባ በጠላት ስትያዝ ደግሞ ጎሬ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ሆነች። በዚያ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ነበሩ፤ በኋላም ልዑል ራስ እምሩ መጡ። ገንዘቡም ጦሩም ጥቂት ነበር። በፓርኪንሰን ሚዛን ቢመዘን ግዛት የሌለው መሥሪያ ቤት ተብሎ በተሣቀበት ነበር። ነገር ግን በሰኔ ወር በጄኔቭ የኢትዮጵያ መንግሥት ጠፍቷል ወይስ አለ የሚል ክርክር በቀረበ ጊዜ፣ አለ ለማለት ማስረጃዋ ጎሬ ነበረች። ኢጣልያኖች በኅዳር 1929 ዓ.ም. እስኪገቡባት ድረስ ከዚያች ከተማ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ የአገር መኖር ምስክር ነበር። ሹመቱና ደመወዙ ሲመነምን የሥራው ትርጉም አልመነመነም፤ ለማን እንደሚሠራ የታወቀ ነበርና።

በአንጻሩ፣ ወዲያኛው ጫፉ ላይ ማንም የሌለበት ወረቀት መኖሩን አልክድም። ይህን ለማስወገድ የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮር ምዘና፣ ካይዘን እየተባለ ብዙ ተሞክሯል። ሐሳቡ በሚገባ በተያዘበት ቦታ የባለ ጉዳይን ምልልስ ቀንሷል፤ ቅጹ ብቻ በተያዘበት ቦታ ግን በድሮው ወረቀት ላይ ሌላ ወረቀት ጨምሯል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የሚመዘነው በመስኮቶቹ ውበት ሳይሆን ባለ ጉዳዩ ስንት ቀን ተመላለሰ በሚለው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ከምትሠሩት ወረቀት አንዱን መርጣችሁ መንገዱን ተከታተሉ። ከእናንተ የሚቀበለውን ሰው «ይህን ለምን ትፈልገዋለህ?» በሉት፤ እርሱም የሚልክለትን ጠይቁ። ሦስት ሰው ጠይቃችሁ የሚፈልገው ካልተገኘ፣ ወረቀቱ እንዲቀር ወይም ከሌላው ጋር እንዲጠቃለል ለአለቃችሁ በትሕትና በጽሑፍ አመልክቱ። አንዳንድ ጊዜ ይቈጣችኋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ለካ እርሱም ሰልችቶት ጠያቂ ሲጠብቅ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ባለ ጉዳይን ዓይኑን አይታችሁ አነጋግሩ። ከቡሬ ወይም ከአልጌ ተነሥቶ በመሬት ይዞታ ጉዳይ መቱ የገባ ገበሬ «ነገ ና» ሲባል፣ የሚከፍለው የማደሪያና የመኪና ገንዘብ ብቻ አይደለም። ወሩ ጥቅምት ወይም ኅዳር ከሆነ የቡና ለቀማው ቀን አብሮ ያልፈዋል። ጉዳዩ የማይሆን ከሆነ የማይሆንበትን ምክንያት በወረቀት ጻፉለት፤ ወዴት መሄድ እንዳለበትም ጨምሩበት። አምስት መስመር ጽሑፍ ናት፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ከጻፋችሁት ሁሉ በርግጥ የምትነበበው እርሷ ናት።

ሦስተኛውን የምናገረው ሳልሸሽግ ነው። ደመወዙ አልበቃ ብሎት፣ ወይም ሞክሮ ሞክሮ መንገድ አጥቶ ሥራውን የሚለቅ ወጣት አለ። መልቀቅ ነውር አይደለም። ልጅን ከማፋታት ሥራ መፍታት ይሻላልና፣ ሰውን በሚጎዳ ሥራ ከመቆየት መውጣት ይበጃል። የሚያሳዝነው ሳይወጣ የለቀቀው ነው፤ ኮቱን በወንበሩ ላይ ሰቅሎ ልቡን ሌላ ቦታ ያኖረው። እርሱ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ራሱንም ባለ ጉዳዩንም ያጉላላል።

እናንተ ተማሪዎችም ተመርቃችሁ ሥራ ስትጠይቁ ስለ ደመወዙና ስለ ከተማው መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። በዚያው ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «እኔ አንድ ሳምንት ብቀር ማን ይቸገራል?» በሉ። የሚቸገረውን ሰው ቢያሳዩአችሁ፣ ወንበሩ ዝቅ ያለ ቢሆን እንኳ ሥራውን ተቀበሉት።