«ፓሽን»፦ ሕማም ነውን ወይስ ፍቅር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የገዳማችን ነዋሪዎችና በረከት ለመቀበል ከሩቅ የመጣችሁ ተሳላሚዎች፤ ሰሙነ ሕማማት እየቀረበ ነውና በዚህ ወር ዐምዳችን አንድ የባዕድ ቃል እንመረምራለን። ቃሉ የእንግሊዝኛው «ፓሽን» ነው። በድምፅ ለ«ፋሽን» ይቀርባልና እንዳያሳስታችሁ፤ ያኛው ስለ ልብስ ወግ የሚነገር ነው፤ ይህኛው ግን ሌላ ነው። በቅድስት ከተማ ስትዘዋወሩ በፍኖተ መስቀሉ ዳር በሚሸጡ መጻሕፍት ላይ ታገኙታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ስለ ጌታችን ስቅለት የተሠራው ፊልምም ርእሱ በዚህ ቃል ነው። በጭማቂ ቤት የዋጋ ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ይገኛል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት አረጋውያንን በማስታመም የምትተዳደር እኅታችን ከቅዳሴ በኋላ ወረቀት ይዛ መጣች። የነርስነት ትምህርት ቤት ለመግባት የምትሞላው ቅጽ ነበር። «አባታችን፣ ሌላውን ሞልቻለሁ፤ ይህ ጥያቄ ግን አልገባኝም። ፓሽንሽ ምንድን ነው ይላል» አለችኝ። እኔ እንግሊዝኛን የለቀምሁት ከሃይማኖት መጻሕፍት ነውና ሳልጠራጠር «ልጄ፣ ሕማም ማለት ነው፤ የደረሰብሽን መከራ ጻፊ» አልኋት። እርሷም የእናቷን ረጅም ደዌ፣ በአልጋዋ አጠገብ ያሳለፈቻቸውን ሌሊቶችና የመጨረሻውን ስንብት ጽፋ ሰጠች። አልተቀበሏትም። ከወራት በኋላ እንግሊዝኛ ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ተሳላሚ ጥያቄው «ከልብሽ የምትወጂውና የምትተጊለት ነገር ምንድን ነው?» ማለት እንደ ነበረ ሲያስረዳኝ እጅግ አፈርሁ።

እኛ በጉባኤ ቤት ያደግን ሰዎች ቃልን «አንድም» እያልን መተርጐም ልማዳችን ነው። ይህን ባደርግ ኖሮ ባልተሳሳትሁ ነበር። እንግዲህ ቃሉን በዚያው ሥርዓት እንየው።

ምንጩ የላቲኑ «ፓቲ» ነው፤ መከራን መቀበል፣ መሸከም፣ መታገሥ ማለት ነው። በግእዝ «ሐመ» ከምንለው ጋር ይገናኛል። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ከገባ ከ800 ዓመታት በላይ ሲሆነው፣ የመጀመሪያ አገልግሎቱ የጌታችንን ሕማማት መናገር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ቁጥር 3፣ ጌታችን ከሕማማቱ በኋላ ሕያው ሆኖ መታየቱ የተነገረው በዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ በትልቁ ፊደል ጀምሮ ሲጻፍ፣ ወይም «ሳምንት» ከሚለው ጋር ሲሄድ፣ ሕማማት ብላችሁ ተርጕሙት።

አንድም፣ በነፍስ ላይ የሚነሣ ስሜት ሁሉ ነው። የላቲን ሊቃውንት የግሪኩን «ፓቶስ» በዚህ ቃል ስለ ተረጐሙት ቁጣም፣ ምኞትም፣ ፍርሀትም፣ ኀዘንም ተጠሩበት። እነዚህን ሰው ፈቅዶ የሚያመጣቸው ሳይሆኑ በላዩ የሚመጡበት ናቸውና። ባነሣነው መጽሐፍ በምዕራፍ 14 ቁጥር 15፣ የልስጥራን ሕዝብ ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት መስለውት ሊሠዋላቸው በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት እንደ ማንኛውም ሰው መሆናቸውን ሲናገሩ ይኸው ቃል በብዙ ቁጥር ገብቷል። በመነኮሳት መጻሕፍት ውስጥ በብዙ ቁጥር ስታገኙት የምንጋደላቸው ፍትወታት ናቸው እንጂ ሕማማተ መስቀል አይደሉም። ይህን ያልለየ ተርጓሚ «ከሕማማት ሽሹ» ብሎ ቢጽፍ፣ መስቀሉን ተሸከሙ የተባሉትን ምእመናን ከመስቀሉ ያሸሻቸዋል።

አንድም፣ ጽኑ ፍቅርና ትጋት ነው። ከነፍስ ስሜቶች አንዱ ፍቅር ነውና፣ ቃሉ ወደ ወንድና ሴት ፍቅር፣ ኋላም ሰው ለዜማ፣ ለእርሻ ወይም ለትምህርት ወዳለው ጽኑ ፍላጎት ተሻገረ። የዛሬ ቅጾች የሚጠይቁት ይህን ነው።

የጭማቂውስ? ፍሬው ስሙን ያገኘው ከአበባው ነው። ወደ ደቡብ አሜሪካ የተሻገሩ የካቶሊክ ሚስዮናውያን አበባውን አይተው ሕማማተ ክርስቶስን አሰቡበት። ዙሪያውን የከበቡትን ቀጫጭን ክሮች በአክሊለ ሦክ፣ አምስቱን የወንዴ ዘር ከረጢቶች በአምስቱ ቍስሎች፣ በአናቱ ያሉትን ሦስቱን ዘንጎች በሦስት ችንካሮች መሰሏቸው። በእኛ ትውፊት ቅንዋቱ አምስት ናቸውና፣ አበባውን የእኛ አባቶች ቀድመው አይተውት ቢሆን ኖሮ አቈጣጠሩ ሌላ በሆነ ነበር። ጭማቂውን በበጋ ስትጠጡ ስሙ ከየት እንደ መጣ አስቡ።

የቃሉን ዘመዶችም ማወቅ ይጠቅማል። ሐኪም ቤት «ፔሸንት» ሲል በሽተኛ ማለቱ ነው፤ ያው ቃል ቅጽል ሲሆን ግን ትዕግሥተኛ ማለት ነው። «ኮምፓሽን» ደግሞ በጥሬው አብሮ መታመም ነው፤ ርኅራኄ ብለን እንተረጕመዋለን። የእኛም ቋንቋ ከዚህ ምሥጢር የራቀ አይደለም። ከአንዱ ሥር ሕማም፣ ታመመ፣ አስታመመ ይወጣሉ። አስታማሚ የምንለው የታመመውን ተሸክሞ ሌሊቱን የሚያነጋውን ነው። እናቶቻችንም ልጅ ተደናቅፎ ሲወድቅ «እኔን!» ይላሉ፤ ሕመሙ ከአንተ ወደ እኔ ይዛወር ማለት ነው። ጌታችን በዕለተ ዓርብ ስለ እኛ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሕማሙ ፍቅሩ ነበረና።

ስሕተቴን ካወቅሁ በኋላ ያችን እኅት አስጠርቼ «ልጄ፣ በእኔ ምክንያት ተጐድተሻል፤ ይቅር በይኝ» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ «አባታችን፣ እርስዎ በትክክል ቢነግሩኝም ከዚያ የተለየ የምጽፈው አልነበረኝም። ነርስ ልሁን ያልሁት እናቴን ሳስታምም ነው» አለችኝ። እኔም «እንግዲያስ የጐደለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው» አልኋት። ዘንድሮ ቅጹን አብረን ሞላነው፤ የእናቷን ታሪክ እንዳለ ትተን፣ መጨረሻው ላይ «ይህን ሥራ የምወደው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው» የሚለውን ጨመርንበት። መልሱን እየጠበቅን ነው፤ በጸሎታችሁ አስቧት።

እናንተም የባዕድ ቃል ትርጕም ስትጠየቁ፣ እንደ እኔ ከመቸኰላችሁ በፊት ቃሉ የቆመበትን ስፍራ ጠይቁ። «የት ተጽፎ አየኸው?» ማለት ብዙ ጥፋት ይከለክላል።

ሰሙነ ሕማማቱን በስግደትና በጸሎት አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።