ቦዩ ከመደፈኑ በፊት፦ የውሃና ፍሳሽ መስመር ግንባታ ቁጥጥር በጎንደርና በደጋማው አካባቢ

የውሃ አቅርቦትና የፍሳሽ አወጋገድ ግንባታ ከሌሎች የመሠረተ ልማት ሥራዎች የሚለይበት አንድ ዐቢይ ባሕርይ አለው። መንገድም ሆነ ሕንፃ ከተጠናቀቀ በኋላ ጉድለቱ በዓይን ይታያል። የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ ቱቦ ግን ከተዘረጋ በኋላ አፈር ይለብሳል፤ በላዩም አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ይነጠፍበታል። በመሆኑም የሥራውን ጥራት በቀላሉና በአነስተኛ ወጪ ማረጋገጥ የሚቻለው ቦዩ ክፍት ሆኖ በሚቆይባቸው ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። እነዚህ ቀናት ያለ ቁጥጥር ካለፉ ጉድለቱ የሚታወቀው መንገድ ተቆፍሮ፣ ውሃ ተቋርጦ፣ አንዳንዴም በሽታ ተከስቶ ይሆናል።

ጉዳዩ ለጎንደር ከተማና ለደጋማው የሰሜን ጎንደር አካባቢ ልዩ ትርጉም አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው ጎንደር ለረጅም ጊዜ የውሃ ፍላጎቷን ስታሟላ የኖረችው በዋናነት ከአንገረብ ግድብና ከጉድጓዶች ነው። የአንገረብ ግድብ ከተራቆተው ተፋሰስ በጎርፍ ታጥቦ በሚገባ ደለል ምክንያት የመያዝ አቅሙ ተቀንሷል። ከመስኖ ልማት ጎን ለጎን ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ እንዲያቀርብ የታሰበው የመገጭ ግድብ ግንባታም ከአሥር ዓመት በላይ ጊዜ ወስዷል። ምንጩ ውስን በሆነበት ከተማ በመስመር ላይ የሚባክን እያንዳንዱ ሊትር ከአንድ ቤተሰብ ጀሪካን የተቀነሰ ነው።

መንግሥት ለዘርፉ ከፍተኛ ሀብት መድቧል። በ2009 ዓ.ም. በዓለም ባንክ የጸደቀውና አዲስ አበባንና 22 የክልል ከተሞችን ያቀፈው ሁለተኛው የከተማ ውሃ አቅርቦትና ሳኒቴሽን ፕሮጀክት 445 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የተያዘለት ሲሆን፣ ጎንደርም ከተካተቱት ከተሞች አንዷ ናት። የዚህ መጠን ያለው ገንዘብ ውጤት የሚለካው በተዘረጋው መስመር ርዝመት ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በኋላም አገልግሎት በሚሰጠው መስመር ነው።

የሕግ ማዕቀፉ ምን ይላል?

ሕጉ ጉዳዩን ክፍት አልተወውም። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሥራዎችን ለመገንባት፣ ውሃ ለማቅረብና ፍሳሽን ወደ ውሃ አካል ለመልቀቅ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ደንግጓል፤ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃም ከሌሎች አጠቃቀሞች ሁሉ ቅድሚያ እንዲያገኝ አድርጓል። አዋጁን ለማስፈጸም ደንብ ቁጥር 115/1997 ወጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጡት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ፍሳሽ በአግባቡ እንዲወገድ ግዴታ ይጥላሉ።

በሕንፃ ግንባታ ረገድ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕንፃ ሹምን ኃላፊነት፣ የፕላን ማጽደቅንና በግንባታ ወቅት የሚደረግን ክትትል በሕግ አደራጅቷል። ይሁን እንጂ የአዋጁ ዋነኛ ትኩረት በይዞታ ውስጥ ያለ ሕንፃ ነው። ከግቢው በር ወጥቶ በጎዳናው ሥር ለሚያልፈው መስመር ዋናው የቁጥጥር መሣሪያ የግንባታ ውሉ፣ የቴክኒክ ዝርዝሩና የአማካሪ መሐንዲሱ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ ጠንካራ የሚሆነው ውሉን የሚያዘጋጀው፣ የሚያስተዳድረውና ክፍያ የሚያጸድቀው የመንግሥት ሠራተኛ ጠንካራ ሲሆን ነው።

የመሬቱ ተፈጥሮ የሚጠይቀው ጥንቃቄ

በጎንደርና ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደባርቅ አካባቢ የመሬቱ አቀማመጥ ተዳፋት የበዛበት ነው። በቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ በ10 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል። 10 ባር እንዲቋቋም የተሠራ ቧንቧ ከማጠራቀሚያው 100 ሜትር ዝቅ ብሎ ሲቀበር የአቅሙ ጫፍ ላይ ይደርሳል። በመሆኑም ተቆጣጣሪው በሥራ ቦታው የገባው ቧንቧ በንድፉ የተጠቀሰውን የግፊት ደረጃ ማሟላቱን፣ የግፊት ማቃለያ ታንኮችና ቫልቮችም በተባለው ቦታ መተከላቸውን ከመቀበሩ በፊት ማየት አለበት። መደብር ውስጥ አንድ ዓይነት መስለው የሚታዩ ቧንቧዎች በቦዩ ውስጥ ዕድሜያቸው እጅግ ይለያያል።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። በሜዳማው ክፍል የሚገኘው መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከዚህ የተነሣ መጋጠሚያዎችን ያንቀሳቅሳል። በተራራማው ክፍል ደግሞ ስለታማ ድንጋይ ቧንቧውን ይበሳል። ከቧንቧው ሥር አሸዋ ወይም የተነፋ አፈር መደልደል የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ድልዳል ከተቀበረ በኋላ መኖር አለመኖሩን የሚመሰክር የለም።

መቆም ያለበት ሥራ

በዘርፉ ተቀባይነት ያለው አሠራር ግንባታው በተወሰኑ ደረጃዎች ላይ ቆሞ ተቆጣጣሪው ሳይፈርም ወደሚቀጥለው እንዳያልፍ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ዕቃው ወደ ሥራ ቦታ ሲገባ የሚደረግ ፍተሻ ነው። ሁለተኛው የቦዩ ጥልቀት፣ ተዳፋትና ድልዳል ሲሆን፣ ሦስተኛው ቧንቧው ከተዘረጋ በኋላ መጋጠሚያዎቹ ሳይሸፈኑ የሚደረገው የግፊት ሙከራ ነው። በዚህ ሙከራ መስመሩ ብዙውን ጊዜ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሸከም ይደረጋል። አራተኛው በንብርብር እየተጠቀጠቀ የሚሞላው አፈር ነው። የመጨረሻው መስመሩን ማጠብና በክሎሪን ማከም ሲሆን፣ በስፋት በሚሠራበት ዘዴ መሠረት በሊትር 25 ሚሊግራም ክሎሪን ያለው ውሃ በመስመሩ ውስጥ ለ24 ሰዓት እንዲቆይ ይደረጋል። ከዚያም ናሙናው በላቦራቶሪ ሳይመረመር መስመሩ ለሕዝብ አይከፈትም።

የአንዲት መጋጠሚያ ጉድለት ምን ያህል ያስከፍላል? በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ሊትር ብቻ የምታፈስ መጋጠሚያ በቀን 8,640 ሊትር ታባክናለች። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ነዋሪ ላላቸው ከተሞች የተቀመጠው ግብ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ነበር። በዚህ ስሌት ያች መጋጠሚያ የ108 ሰዎችን የቀን ድርሻ ትወስዳለች። እንዲህ ያሉ አሥር መጋጠሚያዎች ከአንድ ሺህ በላይ ነዋሪዎችን ወረፋ ያስጠብቃሉ ማለት ነው።

በፍሳሽ መስመር ላይ ስህተቱ በሚሊሜትር ይለካል። 200 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ቆሻሻውን በራሱ ፍሰት ጠርጎ እንዲወስድ በአንድ ሜትር ቢያንስ 4 ሚሊሜትር፣ በ50 ሜትር ደግሞ 20 ሴንቲሜትር ዝቅ እያለ መሄድ ይኖርበታል። ይህ የሚረጋገጠው በሌቭል መሣሪያ ልኬት ነው። የመጠጥ ውሃና የፍሳሽ መስመሮች ርቀታቸውን ጠብቀው መሄዳቸው፣ በሚተላለፉበት ቦታም የውሃው ከላይ የፍሳሹ ከታች መሆኑም እንዲሁ። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ፈረቃው ሲያበቃ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርድና በዙሪያው ያለ እርጥበት በተሰነጠቀ መጋጠሚያ በኩል ወደ ውስጥ ሊሰርግ ይችላል።

ሰኔና የበጀት ዓመቱ

የቁጥጥሩን ሥራ ከሚፈታተኑት አንዱ የቀን መቁጠሪያው ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ በደጋማው አካባቢ ክረምቱም የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው። የተመደበ ገንዘብ እንዳይመለስ የሚደረገው ሩጫና ዝናቡ በአንድ ጊዜ ሲደርሱ ቦዮች በጥድፊያ ይደፈናሉ፣ የግፊት ሙከራው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፣ የክፍያ ሰርተፊኬቱ ግን ይፈረማል። በጭቃ የተሞላ ቦይ በመስከረም ይሰምጣል፤ መንገዱንም ይዞት ይሰምጣል።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። የቁፋሮ ሥራ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት እንዲከናወን ማቀድ፣ የሙከራ ውጤት ያልተያያዘበትን ክፍያ አለመፈረም፣ የመጨረሻ ርክክብንም ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ ማድረግ ይቻላል። በጊዜያዊና በመጨረሻ ርክክብ መካከል የሚኖረው የጉድለት ማረሚያ ጊዜ የተቀመጠው ለዚሁ ነው። ጉድለቱ ሳይታይ የመያዣ ገንዘቡን የለቀቀ መሥሪያ ቤት ጥገናውን ከራሱ በጀት ይከፍላል።

ፊርማና ማስረጃ

የቁጥጥር መዝገብ ዋጋ የሚኖረው እውነት ሲሆን ብቻ ነው። በካናዳ ኦንታርዮ ክፍለ ግዛት በምትገኘው የዎከርተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 የመጠጥ ውሃ ተበክሎ 7 ሰዎች ሲሞቱ ከ2 ሺህ በላይ ታመዋል። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን የክሎሪን መጠን ሳይለካ እንደተለካ ተደርጎ በመዝገብ ይሰፍር እንደነበር፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችም ይህን ሳይደርሱበት መቅረታቸውን አረጋግጧል። ችግሩ የግንባታ ሳይሆን የአገልግሎት አሰጣጥ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ሀብታም አገር መሆንም ሆነ የተሟላ ደንብ መኖር በሐሰት የተሞላ ቅጽን አያካክስም።

በመሆኑም የሥራ ቦታ መዝገብ በየዕለቱ መሞላቱ፣ ከመደፈኑ በፊት የእያንዳንዱ መጋጠሚያ ፎቶግራፍ ከቀንና ከቦታ መለያ ጋር መያዙ፣ በመጨረሻም በትክክል የተሠራውን የሚያሳይ ንድፍ ለከተማው የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት መሰጠቱ የርክክቡ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይገባል። በጸጥታ ወይም በመንገድ ችግር ተቆጣጣሪው በሰዓቱ ሊደርስ በማይችልባቸው ወረዳዎች ፎቶግራፉ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሆኖም የግፊት ሙከራን አይተካም። ንድፈ ሐሳቡን ያዘጋጀው አካል ቁጥጥሩንም በሚያካሂድበት ጊዜ አሠሪው መሥሪያ ቤት የራሱን ባለሙያ በሙከራው ላይ ማስገኘት ይኖርበታል።

በጎንደር አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢና ሌሎች ጥንታዊ ሥፍራዎች በሚገኙባት ከተማ ቁፋሮ ቅርስ ሊያወጣ ይችላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። በቅርብ ዓመታት በተጀመረው የኮሪደር ልማት መንገዶች በሚከፈቱበት ወቅት የውሃ፣ የፍሳሽ፣ የቴሌኮምና የመብራት መሥሪያ ቤቶች ንድፋቸውን አስቀድመው ቢያናብቡ አንድን ጎዳና ደጋግሞ ከመቆፈር ይድናሉ።

ባለሙያ ለማግኘት ከተማዋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ብቻ ሳይሆን ሳኒታሪያኖችንም ያሠለጥን ነበር። የውሃ ናሙና ምርመራንና የቁጥጥር ሥልጠናን ከዚህ ተቋም ጋር ማስተሳሰር ለከተማውም ሆነ በዙሪያው ላሉት ወረዳዎች የሚጠቅም አማራጭ ነው።

ሕጉ ወጥቷል፤ የቴክኒክ መስፈርቱም የታወቀ ነው። የቀረው በየደረጃው ያለ ኃላፊና ባለሙያ ያላየውን ሥራ አለመፈረም፣ ያልተሞከረውንም አለመረከብ ነው። የሚቀበረው መስመር የሕዝብ ሀብት በመሆኑ ከመቀበሩ በፊት ሊታይ ይገባል።